የምድጃው አፍ

ድርጅታችን ለገጠር እናቶች ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያድላል። ዘንድሮ ስትራቴጂያችንን ለመከለስ ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥን። «ትራንስፎርሜሽን» የሚለው ቃል ጆሮዬን አደነቆረው።

ከስብሰባው በፊት ሉማሜ አጠገብ አንዲት እናት መጥረቢያቸውን እንደያዙ ፎቶ አንስቻቸው ነበር። የምድጃው አፍ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም እንጨት አያስገባም። «ማገዶውንስ ቆጠበልኝ፤ እሱን ስፈልጥ የሚያልቀውን ጉልበቴን ማን ይቆጥብልኝ? ምነው አፉን ብታሰፉት?» አሉኝ።

ይህንኑ ለስብሰባው ተናገርሁ። አለቃችን፣ «እሱ ዝርዝር ነው፤ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ» አለኝ።

አዲሱ ስትራቴጂ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ እኒያ እናት ፈገግ ብለዋል። መጥረቢያውን ከፎቶው ላይ ቆርጠው አውጥተውታል።