ከታች ማን አለ?

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው፤ የጣሪያ አናጢው የጋሽ ሰይድ ረዳት ሆኜ። የመጀመሪያ ቀን መሰላሉን አስደግፌ እግሬን ሳነሳ በመዶሻው እጀታ ቁርጭምጭሚቴን መታ አደረጉኝና «ከታች ማን አለ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ገብተን ስናይ አራስ ተኝታለች፤ መጀመሪያ እሷን ጎረቤት አስገባን። የዚያን ቀን ቆርቆሮ ሳቀብል ዋልኩ እንጂ መዶሻ አልተሰጠኝም።

ምስማር የሚመታው ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን በጉብታው ላይ ነው። ይሄን ማንም በአንድ ሳምንት ይማረዋል። ከሐርቡ እስከ ደሴ ፒያሳ ስንት ቤት እንደከደንኩ አላውቅም፤ ከታች ማን እንዳለ ሳልጠይቅ የወጣሁበት ግን የለም።

ደሴ ከገባሁ በኋላ ሐጂ ይማም አስጠሩኝ። ሰኞ ገበያ ሰፈር የሚያከራዩት ቤት አላቸው።

«ነገ ና፣ ቆርቆሮውን አንሳልኝ» አሉ።

«ሊለወጥ ነው?»

«ይነሳ ነው ያልኩህ። መለወጡን ከወጣች በኋላ እናያለን።»

«ከታች ማን አለ?»

«ተከራይዋ ከድጃ ናታ! አፈሰሰ፣ አፈሰሰ እያለች ሁለት ክረምት ጨቀጨቀችኝ። ውጪ ብላት አልወጣ አለች።»

«ሐጂ፣ ሰው ያለበት ቤት ቆርቆሮ አላነሳም።»

«አናጢ አንተ ብቻ አይደለህም።»

«አይደለሁም። ያነሳውን ሰው ግን ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክርበታለሁ።»

ተቆጡ። እኔም ተናድጄ ስለነበር ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ከድጃ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ስደርስ የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዕቃዋን እየሸከፈች ነበር። ደንበኞቿ ሁሉ እዚያው ሰፈር ናቸው፤ ከወጣች እንጀራዋም አብሮ ይወጣል።

«ጋሽ ሞላ፣ ከሐጂ ጋር ምን ብዬ ልሟገት? የባሌን ቀብር ከፊት ሆነው ያስቀበሩ እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት። «ቀብሩ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ። ውልሽ አላለቀም፣ ኪራይሽንም አላጓደልሽም። ማደስ የአከራይ ግዴታ ነው። ላስወጣ የሚል ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሰላል አቁሞ ሰው ማስወጣት የለም።»

ዕቃዋን መልሳ ፈታች።

ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያለች ሴት ቤት መግባት ነውር ነው ብለው ኪራዩን ደጃፍ ቆመው ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ጣሪያውን ከውስጥ አይተውት አያውቁም። ነገር በዓይን ይገባል፤ ለእሳቸው በጆሮ ብቻ ነበር የመጣው።

ሁላችንም የአንድ ቅሬ አባላት ነን፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን አብሮ የሚቀብር እድር ማለት ነው። የቅሬው አዳራሽ ጣሪያ ገና እኔ እጅ ላይ ስለነበር የምንሰበሰበው በየአባሉ ቤት ነበር። የቅሬውን ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢውን፣ አማከርኩና ተረኛዋ ከድጃ ሆነች። ወሩ ነሐሴ ነው። ሐጂንም «እዚህ ይቀመጡ» ብዬ በክብር ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ቦታውን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ዝናቡ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ጠብታ ነጭ ቆባቸው ላይ አረፈች። ወደ ግራ ጠጋ አሉ፤ እዚያም ያፈሳል። ወደ ቀኝ ቢሉ የስፌት መኪናው አለ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ።

ዳኛው ድምፃቸውን ሳያነሱ «ሐጂ፣ ነገ እርስዎ ቤት ሐዘን ቢደርስ ከድጃ ንፍሮ ይዛ ትመጣለች። ከየትኛው ቤት ተነስታ ትምጣ?» አሉ።

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ጨመቁት። «ወላሂ፣ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሞላ፣ ነገ ና።»

«ምን ልሥራ?»

«ቆርቆሮውን አንሳ።»

ከድጃ ቀና አለች። እኔም የማውቀውን ጠየቅሁ። «ከታች ማን አለ?»

«ከድጃ አለች። አዲሱን መትተህ እስክትጨርስ መኪናዋ እኛ ቤት ይሁን፤ እዚያው ትስፋ። ከዚያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።»

በሁለተኛው ቀን ተመለሰች፤ ዛሬም እዚያው ትሰፋለች።

ጣሪያ ማደስ የአከራዩ ነው። ውሉ እስካለ ድረስ ቤቱ የተከራይዋ መኖሪያ ነው። አናጢ የሆናችሁ ደግሞ መሰላል ከማቆማችሁ በፊት ጠይቁ።