ጋሽ ሱሌማንና የተቆራረጠው ሰማያዊ መስመር

ጋሽ ሱሌማን ከመቱ ተነሥተው በገዛ ፈቃዳቸው የሄዱበት ሩቅ አገር ቢኖር ጅማ ነው። ቢሆንም ከጅማ ይልቅ አውስትራሊያን ያውቃሉ ቢባል የመቱ ሰው አይከራከርም። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የማር መደብራቸው ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ ግድግዳውን የሞላ የአውስትራሊያ ካርታ ተሰቅሏል። ማር ሊገዛ የገባ ሰው ማሩን ከመቅመሱ በፊት ስለ ቀዩ አፈር፣ ብቻውን በሜዳ ላይ ስለተገተረው ትልቅ ዓለት፣ ባቡር ስለሚያክለው የጭነት መኪና ሳይሰማ አይወጣም።

ለዚህ ሁሉ ያበቃቻቸው አንዲት ልጃቸው ኢህሳን ናት። ነርስ ናት፤ ለትምህርት ሄዳ እዚያው ሥራ ያዘች። ስትሄድ ጋሽ ሱሌማን አላለቀሱም፤ «ልጄ ያለችበትን አገር ሳላውቅ ግን አልቀመጥም» አሉ፤ አልተቀመጡምም።

ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ኢሉባቦር ሲሠፍሩ ስማቸውን መጻፍ አይችሉም ነበር። አማርኛውን በሠፈራ ጣቢያው የመሠረተ ትምህርት ዳስ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ በኢህሳን አሮጌ ደብተሮችና በአንድ መዝገበ ቃላት ተማሩ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ «ይህን አንብብልኝ» ብለው ማንንም ለምነው አያውቁም። ደግሞም ሕግ አላቸው። መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ተጀምሮ በተራ ይነበባል እንጂ እንደ ፍየል ከዚህም ከዚያም አይቀነጠብም ይላሉ። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሳምንት ቢፈጅም ቀጣዩን ገልጠው አያዩም።

ካርታውን ኢህሳን ናት በሰው እጅ የላከችላቸው። አብራ የላከችው ደግሞ በዚያ አገር በረሃ ለሚጓዝ መንገደኛ ምክር የሚሰጥ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ ጋሽ ሱሌማንን ሲያስደነግጥ ከረመ። አንድ ቀን ጮክ ብለው ሚስታቸውን ሀጀራን ጠሩ።

«ሀጀራ! ነይ ጉድ ስሚ! ግመል በበረሃው ውስጥ ያለ ጌታ ይዞራል ይላል። በሺህ የሚቆጠር ግመል! የኔ የሚለው የለም!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ነድተህ አምጣልን» አለች ሀጀራ ሰፈፍ ከምታቀልጥበት ሳትነሣ። «ብቻ መቱ ስትደርስ በጭቃው እንዳይሰምጥብህ።»

ሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ለመድረስ በመኪና ግማሽ ቀን የሚነዳበት አገር መሆኑን አነበቡና መጽሐፉን ዘግተው ወደ ካርታው ቀና አሉ። «እሳት ሲጠፋባቸው ከየት ይጭራሉ?» አሉ።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ኢህሳን ደወለች። ከባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ከተማ ወጥታ መሀል በረሃ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ሥራ እንደጀመረች፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር በመኪና እየዞረች በሽተኛ እንደምትጎበኝ ነገረቻቸው። ጋሽ ሱሌማን ስልኩን ሳይዘጉ ወንበር ላይ ወጥተው መንገዷን በጣታቸው ተከተሉ። ከሁሩሙ ማር ይዞ የመጣው ወዳጃቸው ጉቱ ወንበሩን ደግፎ ቆሟል።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ ሱሌማን። «ውሃ አለ! ይኸውና ሐይቅ፤ ሰማያዊ ነው፤ ከእኛ ወረዳ ይሰፋል። ወንዙም ብዙ ነው።»

«ኦቦ ሱሌማን፣ ወንዙ ለምን ተቆራረጠ?» አለ ጉቱ አንገቱን አስግጎ። እውነትም በካርታው ላይ የወንዞቹ መስመር አንድ ወጥ አይደለም፤ ትንሽ ሄዶ ይቋረጣል፣ ደግሞ ይቀጥላል።

ጋሽ ሱሌማን ፈገግ አሉ። «አንተ የጫካ ልጅ ሆነህ ይህ ይጠፋሃል? ጫካ ውስጥ ሲገባ ነዋ! የእኛው ወንዝ ሶር ራሱ ከላይ ላየው ሰው እንዲሁ አይደለም? ዛፍ ይሸፍነዋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል።»

«እውነትዎን ነው» አለ ጉቱ፤ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ወንዙን እንዲህ ሲያየው ነው የኖረው።

ከዚያ ጋሽ ሱሌማን ለልጃቸው ምክር ሰጡ። ምክሩ የመጣው ከመጽሐፍ አልነበረም። ሠፋሪ ሆነው በመጡ በመጀመሪያው ዓመት ማር ፍለጋ ጫካ ገብተው ጠፍተው ነበር። ያኔ ትዝ ያላቸው የጉቱ አባት በገበያ የነገራቸው ቃል ነው፤ «ቢሻን ሆርዶፊ፣ መነ አርገታ።» ውሃውን ተከተል፣ ቤት ታገኛለህ። አንዲት ምንጭ አገኙ፤ ቁልቁል ተከተሏት፤ ምንጯ ጅረት፣ ጅረቱም ወንዝ ሆነና እነ ጉቱ ደጃፍ አደረሳቸው። የጉቱ እናት ትኩስ ወተት ሰጥታ አሳደረቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ቃል እንደ ሃይማኖት ይዘውታል።

«ልጄ፣ መኪናሽ ቢበላሽ ተቀምጠሽ አትጠብቂ» አሏት። «ካርታሽን እዪ፤ ቅርብ ወዳለው ወንዝ ሂጂ፤ ከዚያ ቁልቁል ተከተዪው። ውሃ ሰው ጋ ሳያደርስ አይቀርም።»

«እሺ አባ» አለች ኢህሳን።

ቀናት ሄዱ። ጥቅምት ገባ፤ የመቱ ዝናብ ግን ወር አይጠይቅም። አንድ ጠዋት ገበያው በዝናብ ተበትኖ ጋሽ ሱሌማን መጽሐፋቸውን ገለጡ። ተራው የደረሰው ገጽ ስለ ውሃ ነበር። አንድ አንድ ቃል እየፈቱ ሄዱ። መዝገበ ቃላቱን ገለጡ፤ ዘጉ፤ እንደገና ገለጡ። ዓይናቸውን አላመኑም።

በዚህ አገር ካርታ ላይ ሐይቅ ተብሎ መጻፉ ውሃ አለ ማለት አይደለም ይላል፤ አብዛኛው ነጭ ጨው የተጋገረበት ሜዳ ነው። የተቆራረጠው ሰማያዊ መስመርም ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈስ ወንዝ ምልክት ነው፤ ዝናቡም አንዳንዴ ዓመታት ይቆያል። ከሥሩ በደማቅ ፊደል፦ መኪናህ ቢበላሽ ከመኪናህ አትለይ፤ ፈላጊ መኪናን ከሰማይ ያያል፣ ሰውን ግን አያይም። መኪናቸው ከነውሃው ተገኝቶ እነሱ ርቀው ሞተው የተገኙ ብዙ ናቸው።

ጋሽ ሱሌማን መጽሐፉን እንደተገለጠ ትተው ብድግ አሉ።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለች ሀጀራ።

«ገድዬያታለሁ።»

«ማንን?»

ጋሽ ሱሌማን ወደ ካርታው ዞሩ። ዓይናቸው ፊት የመጣው ሌላ ወንዝ ነው፤ የወሎው። አባታቸው በደረቀው አሸዋ ላይ ተንበርክከው በእጃቸው ሲቆፍሩ፣ ሲቆፍሩ፣ ከአሸዋ ሥር ሌላ አሸዋ ሲያወጡ። ያን ዓይተው አልነበረም እንዴ አገር ጥለው የመጡት? ወንዝ እንደሚሞት ከእርሳቸው በላይ ማን ያውቃል? የኢሉባቦር ዝናብ ያን ሁሉ ከልባቸው አጥቦ፣ ጥማት አይቶ እንደማያውቅ ሰው አድርጎ አስመከራቸው። ከመጽሐፉ ይልቅ ይህ አስደነገጣቸው።

ስልካቸውን አነሡ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ኔትወርክም የለም። መደብሩ በር ላይ ቢወጡ የለም። ወደ መስጊዱ በኩል ቢሄዱ የለም። ጎሬ ግን ይሠራል ሲሉ ሰሙ፤ ጎሬ ከፍታ ነው። ሀጀራ «ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ» ስትል ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ነበር።

መንገዱን በሙሉ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ረዳቱ ፊታቸውን አይቶ «ጋሼ፣ ጎሬ ሰው ሞተብዎት እንዴ?» አላቸው።

«አፍህን ያዝ! አልሞተችም!» አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ሱሌማን በሰው ፊት ሲጮሁ የሰማ አልነበረም። ረዳቱ ደንግጦ ሒሳብ መጠየቁንም ተወው።

ጎሬ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል። ከከተማው ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ትልቅ ሾላ አለ፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከእርሱ ሥር ነው አሏቸው። ሄደው ቆሙ። ደወሉ፤ አልተነሣም። ደግመው ደወሉ።

«አባ? በሰላም ነው?»

ግንዱን ያዙ። «ኢህሳን! አለሽ? የት ነሽ?»

«ቤት ነኝ። መሽቷል እኮ እዚህ። ምን ሆኑ? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ስሚኝ።» በዕድሜያቸው ለልጃቸው የተናገሩትን አጥፈው አያውቁም። «ስለ ወንዙ የመከርኩሽ… ስሕተት ነው። ወንዝ ያሉት አሸዋ ነው፤ ሐይቅ ያሉት ጨው ነው። መኪናሽ ከቆመ ከመኪናሽ እንዳትለዪ። ሰማሽ?»

ኢህሳን የተቀመጠችበት ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ሰማሽ ወይ?»

«አውቃለሁ አባ።»

«ከየት አወቅሽ?»

የመስመሩ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል።

«ባለፈው ሳምንት መኪናችን ቆሞብን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ባልደረባዬ ሞተሩን ከፍታ ስትነካካ፣ እኔ ካርታዬን አየሁና ሄድኩ። ወንዙ ሩቅ አልነበረም።»

«ታዲያስ?»

«አሸዋ ነበር አባ። ደረቅ አሸዋ።»

«አልሃምዱሊላህ! ተመለስሽ።»

«አልተመለስኩም። ተከተዪው ብለውኝ የለ? ቁልቁል ተከተልኩት።»

ጋሽ ሱሌማን የሰሙትን አላመኑም። «አሸዋ መሆኑን እያየሽ?»

«እያየሁ። እርስዎ አይሳሳቱም ብዬ ነዋ። ትንሽ ወረድ ስል ውሃው ብቅ ይላል አልኩ። ባልደረባዬ ዱካዬን ይዛ በሩጫ ደረሰችብኝ። ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ፤ ጮኸችብኝ፤ አብዳ ነበር። ‹ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?› ስትለኝ፣ ‹አባቴ› አልኳት። ማታውን መኪናው ጋ ሰው መጥቶ አገኘን።»

ከወዲያ ማዶ ከጫካው ላይ መብረቅ ብልጭ አለ። ጋሽ ሱሌማን አላዩትም። ሊገድላት የነበረው ካርታው አልነበረም ለካ፤ በረሃውም አልነበረም። የገዛ ልጃቸው በዓይኗ ያየችውን ትታ የእርሳቸውን ቃል አምና ወደ ሞት ስትወርድ ነበር። እንዲህ አድርገው ያሳደጓት ራሳቸው ናቸው፤ «የኢህሳን ነገር፣ አንድ ጊዜ ነግሬያት ሁለተኛ አልደግምም» እያሉ በገበያው ሲመኩባት ኖረዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም የሌላ ሰው ድምፅ መሰላቸው።

«ምን ብዬ አባ? ተሳስተዋል ልበልዎት?»

«አዎ!»

«እንዴት አድርጌ…»

«እንዲያ ብለሽ! ተሳስተሃል በይኝ! እያየሽው ገደል ግቢ ብልሽ ልትገቢ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ካልነገርሽኝ ልጄ አይደለሽም።»

«እሺ አባ።»

«እሺ አትበይኝ! እሺታሽ ነው ያስደነገጠኝ!»

ኢህሳን ሳቅና ልቅሶ የተደባለቀበት ድምፅ አሰማች። በዚሁ ጊዜ ነጎድጓዱ ጎሬን ከሥሯ አነቃነቃት፤ ዝናቡም ወረደ። ጋሽ ሱሌማን ወደ ግንዱ ይበልጥ ተጠጉ።

«አባ፣ ያ ምንድን ነው? ነጎድጓድ ነው?»

«ነው። የጎሬን ሰማይ ረሳሽው እንዴ?»

«የት ነው የቆሙት?»

«ሾላ ሥር ነኝ። እዚህ ነው ኔትወርኩ የሚይዘው፤ ዝናቡም አይደርስብኝም፣ አታስቢ።»

ኢህሳን አንድ ጊዜ በረዥሙ ተነፈሰች።

«ተሳስተዋል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ተሳስተዋል አባ። በመብረቅ ጊዜ ዛፍ ሥር አይቆምም። አሁኑኑ ይውጡ።»

ጋሽ ሱሌማን አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ አገር ዝናብ ውስጥ ዕድሜያቸውን እንደፈጁ፣ በዛፍ ሥር ተጠልለው ያሳለፉት ዶፍ ለቁጥር እንደሚያታክት፣ አንዱም ምንም እንዳላደረጋቸው ሊነግሯት ነበር። የጀመሩትን ቃል ዋጡት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ወደ ዶፉ ወጡ፤ ውሃው በአንገታቸው ገብቶ በጀርባቸው ወረደ።

«ወጣሁ» አሉ።

«ራቁ?»

«ራቅሁ።»

«ምን ያህል?»

ዞረው ሾላውን አዩት። ቅርብ ነው።

«ገና ነኝ» አሉ፤ ጭቃውን እየረገጡም ቁልቁል ሄዱ።