የደጃዝማቹ ቤት የዓይን ሕመም

የልጄ ሕመም የጀመረው ጎንደር ፒያሳ ላይ ነው፤ ወይም እኔ ያየሁት እዚያ ነው። ማርታ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። መንገድ ልንሻገር ስንል በግራዋ በኩል የመጣ ባጃጅ ሊገጫት ለጥቂት ቀረ። ሹፌሩ ተሳደበ። እኔም «የት ነው ልብሽ!» ብዬ ክንዷን ቆነጠጥኋት። እንዳላየችው አልገባኝም ነበር። ያቺን ቁንጥጫ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የበር መቃን ይመታት ጀመር፤ ሁልጊዜ ግራ ትከሻዋን። የአምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል አለችኝ። መነጽር ገዛሁላት። ሦስት ወር በዚያ አለፈ።

በመጨረሻ የወሰድኋት የዓይን ሐኪም ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። የዓይኗን ግፊት ለካ። ደግሞ ለካ። «ግላኮማ ነው» አለ። «ግፊቱ ነርቩን እየጎዳው ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማቆየት እንችላለን። በዘመድ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?»

«የለም» አልሁ፣ ሳላመነታ።

እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ጎንደር ያመጣኝ ጋብቻ ነው። ሟቹ ባለቤቴ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከነበሩ አንድ ደጃዝማች ይወለዳል። በዚያ ቤት ሙሽራ ስትገባ ዘር ይቆጠርላታል። በሠርጌ ማግስት የባለቤቴ አጎት፣ አያ ተሰማ፣ ከደጃዝማቹ ጀምረው ስምንት ትውልድ በቃላቸው ወረዱልኝ፤ ማን የት እንደተሾመ፣ ማን ለየትኛው ደብር መሬት እንደሰጠ፣ ማን ማንን እንዳገባ። ያን ሁሉ ስለ ሰማሁ ሁሉን ያወቅሁ መሰለኝ።

ሐኪሙ ቃሌን አምኖ፣ ዓይኗን ሲያሳክካት ከፋርማሲ እየገዛሁ የማደርግላትን የስቴሮይድ ጠብታ ጠረጠረ። «እሱን ይተዉት። ምክንያቱ እሱ ከሆነ ግፊቱ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል» ብሎ ቲሞሎል የሚባል ግፊት የሚያወርድ ሌላ ጠብታ አዘዘ።

አልወረደም። በስድስተኛው ሳምንት የግራ ዓይኗ እይታ ይበልጥ ጠበበ። «በዘር አለመሆኑን እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። «በዘር ከሆነ አልጠብቅም፤ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን።»

በማግስቱ አያ ተሰማ ወደሚኖሩበት ወደ ድብ ባሕር ሄድሁ። ከደጃቸው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አያ፣ በቤታችሁ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር?»

«ምነው ልጄ! የትልቅ ሰው ዘር እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«የማርታ ዓይን እየጠፋ ነው።»

ቀስ እያሉ ተናገሩ። ደጃዝማቹ ከወንድማቸው ጋር በርስት ተጣልተው በሐሰት ምለዋል፤ ስለዚህም በካህን ተገዝተዋል፤ በኋላ በሰው እጅ እየተመሩ ኖረዋል ይባላል። ከልጆቻቸው አንዱ ገና በአርባ ዓመቱ ታወረ። ከዚያ አንዲት ሴት። ከዚያ የራሳቸው የአያ ተሰማ አባት። ቤተ ዘመዱ ግዝቱ ነው ብሎ ፈራ፤ ልጆቻችን ጋብቻ እንዳያጡ ብሎም ደበቀው። ዘር ሲቆጠር ሹመቱ ይነገራል፤ ዓይኑ ይዘለላል።

«ለእኔ እንኳ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትገቢ ነበር?»

ያኔ ነው አስተውዬ ያየኋቸው። አጠገባቸው የተቀመጠውን ዋንጫ መደቡን እየዳበሱ ይፈልጉት ነበር።

«አያ፣ እርስዎም?»

«የግራው ከሄደ ሰነበተ። ለማን ልንገር?»

ተናደድሁም፣ አዘንሁም። መጥተው ለሐኪሙ እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው። «የቤታችን ገመና መዝገብ ላይ ሊሰፍር?» ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ «ልጂቱ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ። «አሥራ አምስት» አልኋቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ሐኪሙ ፊት ስምንቱን ትውልድ እንደገና ቆጠሩ፤ አሁን ከነዓይናቸው። እሱ በወረቀት ላይ ለሴቱ ክብ፣ ለወንዱ አራት ማዕዘን እየሣለ የታወሩትን አጠቆረ። ከዚያ «እርስዎንም ልለካዎት» አላቸው።

«እኔን ምን ትለካኛለህ፣ ያረጀ ማኪና!»

«አያ፣ ያረጀ ማኪናም ፍሬኑ ይታያል።»

አብራን የመጣችው ማርታ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ሆነ። ደጅ ተቀመጥሁ። ውዳሴ ማርያም ጀመርሁ። ቃሉ ጠፋኝ። ደግሜ ጀመርሁ። አሰላ ላለችው እናቴ አልደወልሁም፤ ከድምፄ ታውቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። በሩ ተከፈተ። «በደኅና ወጥታለች» አለኝ ሐኪሙ።

ግራ ዓይኗ ከዳር የጠፋበት እንደጠፋ ቀረ፤ ግን ግፊቱ ወርዶ፣ ቀይ ሆኖ የሰነበተው ዓይን ቀስ በቀስ ጠርቶ፣ ወሩ ሳያልቅ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ እኔም አብሬያት ስሄድ ግራዋን ይዤ መሄድ ለመድሁ። የአያ ተሰማ ቀኝ ዓይንም በጠብታ እየተጠበቀ ነው። ስለ ግዝቱ የንስሐ አባቴን ብጠይቅ «ጸሎቱን ለእኛ ተዪው፤ አንቺ የሐኪሙን ቀጠሮ አታሳልፊ» አሉኝ። አላሳለፍሁም። ግን በየቀጠሮው ዋዜማ ዛሬም እፈራለሁ፤ ይህን አልደብቃችሁም።

እዚህ ያደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሐኪሙን እጅ ይባርክ፤ ለአያ ተሰማም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ መናገሩ ቀላል አልነበረም። ልጃችሁ ዕቃ እየመታት ስትሄድ አትቆጡ፤ አስመርምሩ። ሐኪም ያላዘዘውን ጠብታ አትግዙ። ሐኪም ስለ ዘመድ ሲጠይቃችሁ እንደ እኔ ቸኩላችሁ «የለም» አትበሉ፤ መጀመሪያ ትልልቆቹን ጠይቁ። እኔም አንድ ቀን ለማርታ ሽማግሌ የሚልክ ቤት ቢመጣ፣ ደጃዝማቹን ሳልጠራ በፊት ይህን ሕመም እነግራቸዋለሁ። ሰምተው ቢመለሱም ይመለሱ።