መርዶ በክሪኬት ሜዳ

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ የጫማና የኬክ ካርቶን የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ አለ። እዚያ ጸሐፊም አስተርጓሚም ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ባለቤቱ ሕንዳዊ፣ የጉጃራት ክፍለ ሀገር ሰው ናቸው፤ ሠራተኛው በሙሉ «ሰር» ይላቸዋል። አማርኛን የተማሩት ከማሽን ኦፕሬተሮቹ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እናቴን አንድ ቀን «አንተ እንዴት አደረ?» ቢሏት፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላቸው አለፈች።

ያ ዓመት ነገር ሁሉ እንቢ ያላቸው ዓመት ነበር። መብራቱ የሚሄደው ሁልጊዜ ሙጫው ማሽኑ ላይ ከተቀባ በኋላ ነው። ሲመለስ ሙጫው ደርቆ ይጠብቀናል፤ በቢላ ስንፍቅ እንውላለን። ከሕንድ የታዘዘው መለዋወጫ ደርሶ፣ ሰነዱ ላይ የድርጅቱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል ተብሎ ከጉምሩክ አልለቀቅ አለ። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ፓስፖርታቸውን ካስገባን ሰንብተናል፤ ኢሚግሬሽን በሄድኩ ቁጥር «ፊርማ ላይ ነው፣ ሰኞ ተመለሺ» እባላለሁ። ሰኞ ስመለስ ፈራሚው ስብሰባ ገብተዋል። ይህን ስነግራቸው አይቆጡም። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉና «እሺ» ብለው ወደ ማሽኑ ይመለሳሉ።

የሚያስቆጣቸው የእሁዱ ነገር ነበር። እሁድ እሁድ ከሌሎች ሕንዳውያን ጋር፣ አብዛኞቹ አስተማሪዎችና ነጋዴዎች ናቸው፣ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ጠጣር ኳስ በዱላ የሚመታበትን ክሪኬት ይጫወታሉ። ግማሹ ለግንባታ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀረው ላይ የሰፈሩ ወጣቶችም ኳስ ይጫወታሉ። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ከመቺው ኋላ የሚተከሉት ሦስቱ እንጨቶች አልገባ ሲሏቸው፣ ሰር በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው እዚያ አቆሟቸው። ኳሷ አጥሩን ከዘለለች ግን የግንባታው ዘበኛ አይመልስም። «ይሄ ድንጋይ ነው፤ ሰው ይገድላል» ይላል። ወጣቶቹም ዳር ተቀምጠው ያጉረመርማሉ፦ «አቦ፣ ይሄ ጨዋታ ማለቂያ የለውም እንዴ?»

«ማሽን ብልሽት፣ ሥራ ነው» አሉኝ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ፊታቸው ቀልቶ። «እሁድ ግን የእኔ ነው።»

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ከልደታ ማርያም ደጅ ስደርስ ስልኬ ጠራ። ታናሽ ወንድማቸው ነበር፣ ከሕንድ የሚደውለው። ሰር ሲጫወቱ ስልካቸውን ቦርሳ ውስጥ ስለሚተዉት አላነሱለትም።

«አባታችን ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «እባክሽ ንገሪልኝ። ሥርዓቱን ከሰዓት በኋላ እንፈጽማለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

እናቴ አብራኝ ነበረች። ስነግራት አማተበች።

«ዛሬ እንዳትነግሪያቸው» አለች። «ሰው ከጨዋታ መሀል ተጠርቶ አባትህ ሞተ ይባላል? ለእድሩ ሰዎች እነግራለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ቤታቸው ሄደን በወጉ እናረዳቸዋለን።»

«እማዬ፣ እነሱ ዛሬውኑ ነው የሚያቃጥሉት። ነገ ሁሉም ነገር አልቋል።»

«ታዲያ ዛሬ ቢሰሙስ ይደርሳሉ?»

«አይደርሱም። ፓስፖርታቸው እጃቸው ላይ የለም።»

ጥቂት ሄደች። ከዚያ ቆመችና፣ «ሂጂ በቃ፣ ንገሪያቸው» አለች። «ግን ቆመው ሳሉ እንዳይሆን። አስቀምጫቸው።»

ሜዳው ላይ ስደርስ ዱላውን ይዘው ኳስ እየጠበቁ ነበር። ነጠላ እንደለበስኩ ሲያዩኝ እጃቸውን አንስተው ጨዋታውን አስቆሙ።

«አንተ፣ ምን ሆነ? ፋብሪካ ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም፣ ሰር። እስቲ ይቀመጡ። ወንድምዎ ደውለው ነበር።»

እዚያው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የነገርኳቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሰዓት ጠየቁኝ። በእነሱ ወግ የአባትን እሳት የሚለኩሰው የበኩር ልጅ ነው፤ በኩሩ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ፓስፖርቱ?»

«ሰኞ ብለዋል፣ ሰር።»

ሁልጊዜ ከሚያጉረመርሙት ወጣቶች አንዱ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ዛሬ ኳስ የለም፣ እንሂድ» አላቸው። ያን ሲሚንቶ የሞላ ቆርቆሮ ተሸክሞ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ አደረሰልን።

የቢሮው ኢንተርኔት ይሻላል ብለን እዚያ ገባን። ወንድማቸው በቪዲዮ ደወለ። ነጭ ጨርቅ፣ አበባ፣ የተደረደረ እንጨት አየሁ። የወንድማቸው ልጅ፣ ገና ወጣት ነው፣ በእሳቸው ፈንታ የውኃ ገንቦ ትከሻው ላይ አድርጎ እንጨቱን መዞር ጀመረ። ያኔ መብራት ሄደ። ምስሉ ልጁ ገንቦውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ትንሹን የቢሮ ጄኔሬተር ላስነሳ?» አልኳቸው።

«ተወው።»

በሞባይሌ ሞከርን፤ ይዞርና ይቆማል። በመጨረሻ ሲይዝልን እሳቱ ነዷል። ሰር ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጫማቸውን አውልቀው ስልኩ ፊት እጆቻቸውን ገጠሙ። እኔ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ እናቴና የእድሩ ሰዎች ድንኳንና ወንበር ይዘው መጡ። የፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተከሉት። እናቴ ቀድማ «ሥጋ አይበሉም አይደል?» ብላ ጠይቃኝ ስለነበር ንፍሮ ቀቅላ ነበር። ሰር ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ለብሰው ሲመጡ ድንኳኑን አይተው ደንገጥ አሉ።

«እነዚህ ሰዎች አባቴን አያውቁም» አሉኝ በጆሮዬ።

«እርስዎን ያውቃሉ።»

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የሰርን እጅ ያዙና «እግዜር ያጽናዎት» አሏቸው። ሰር ከትናንት ጀምሮ አላለቀሱም ነበር። ያኔ አለቀሱ። ንፍሮውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከሰዉ መሀል ተቀመጡ።

ፓስፖርቱ የወጣው አባታቸው አመድ ከሆኑ ከሳምንታት በኋላ ነው። ወንድማቸው ከአመዱ ጥቂት አስቀምጦላቸው ስለነበር ሄደው ወንዝ ላይ በተኑት። ሲመለሱ ስለ ወንዙ ምንም አልነገሩኝም። የነገሩኝ ስለ ወንድማቸው ልጅ ነው፤ እሳቱን ሲለኩስ ጣቱን ለብልቦት ነበር። «አየሁት» አሉኝ፣ የራሳቸውን ጣት እያሳዩ። «እዚህ ጋ። ድኗል፣ ምልክት አለ።»

ሜዳው በዚያው ክረምት ጨርሶ ታጠረ። ኳስ ተጫዋቾቹም ክሪኬት ተጫዋቾቹም ተበተኑ። ሕንዳውያኑ አሁን መኪና ሲገኝ ከከተማ ወጣ ብለው ይጫወታሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገኝም። መለዋወጫው በስንት ምልልስ ተለቀቀ። መብራቱ እንደዚያው ነው።

እኔ ሥራ ከመቀየሬ በፊት ሰር አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እድሩ ውስጥ እንዳስመዘግባቸው። ሰብሳቢዎቹ ትንሽ ተነጋገሩበትና ተቀበሏቸው። እናቴ እንደምትነግረኝ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት አይቀሩም። ወንበር ያወርዳሉ፣ ድንኳን ሲወጠር ገመድ ይይዛሉ፤ ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣሉ።