የሆድና የባጃጅ ግጥም

እህተማርያም አዲስ ቅዳም ከተማ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ከመጽሐፉ ይልቅ ራሷ የምትገጥማቸው አስቂኝ ግጥሞች ነበሩ ልጆቹን የሚይዙላት። በአገውኛ አፋቸውን የፈቱት ልጆች አማርኛቸው እንዳይሳቅበት ፈርተው ዝም ይላሉ፤ ሳቅ ሲያፈናቸው ግን ፍርሃቱን ይረሱታል።

ከሁሉም የባሰችው ፋና ነበረች። እስከ ጥር ድረስ ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም። አንድ ቀን እህተማርያም ይህን አነበበችላቸው፦

ሆዱ ባጃጅ ይዞ ገበያ ወረደ፣
ባለሆዱ በእግሩ ከኋላው ነጎደ።
«ቁም አንተ ሆድ!» ሲለው ሆዱ መለሰለት፣
«ወንበሩ ሞልቷላ፣ አንተ ና በጉልበት!»

ፋና ስቅ እስኪላት ሳቀች። በማግስቱ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አለችው።

ሆዱ የዓባይነህ ነበር፤ የእህተማርያም ባል፣ የልብስ ሰፊው። በሕይወት ሳለ ግጥሙን ስታነብለት እሱን ያህል የሳቀ አልነበረም።

በወላጆች ቀን ፋና ግጥሙን እንድታቀርብ ተመረጠች። የክብር እንግዳው፣ የወረዳው ሹም፣ አንድ ሰዓት አርፍዶ መጣ፤ ከመኪናው ሲወርድ ሆዱ ነበር የቀደመው። ፋና ገና ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ ሰዉ ወደ እንግዳው እያየ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ተነሥቶ ማይክሮፎኑን ከልጅቷ እጅ ወሰደ።

«ሕፃን ልጅ ስድብ የሚያስተምር ማነው?» አለ።

ፋና ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አዝመራው እህተማርያምን አስጠራት። እሱንም በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ሰውዬው አልበረደለትም። ግጥሙ መጥፎ ነው ብለው ለልጆቹ ይንገሩልኝና ነገሩ እዚህ ላይ ይለቅ። ጡረታዎ እንደሆነ ሁለት ዓመት ነው የቀረው።»

«የዓባይነህ ሆድ እኮ ነው፣ አዝመራው። አንተም ታውቀዋለህ፤ ዩኒፎርምህን የሰፋልህ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ለሰውዬው ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?»

ተያይዘው ወደ ክፍል ሄዱ። እሱ በር ላይ ቆመ፤ እሷ ገባች።

«ልጆች፣ ያ የሆድ ግጥም መጥፎ ግጥም ነው። ሁለተኛ እንዳትሉት።»

ፋና እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

እህተማርያም ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። አዝመራው አልሄደም።

«ተቀመጪ» አለቻት።

ፋና ተቀመጠች። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ድምፅዋ አልተሰማም። በዓመቱ ወላጆቿ ከትምህርት ቤቱ አስወጧት።

እህተማርያም ጡረታዋን አግኝታለች። ግጥም ግን ከዚያ ወዲህ አልጻፈችም፤ ብትሞክርም ከመጀመሪያው መስመር አያልፍላትም። የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ያንኑ ግጥም ይሉታል፤ እሷ ያላሰበቻቸውን ስንኞችም ጨምረውበታል። ከሩቅ ትሰማቸዋለች። ስትቀርብ ግን አንዷ «መጣች!» ትላለች፤ ገመዱ ይቆማል፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

«በሉ እንጂ፣ ቀጥሉ» ልትላቸው ትፈልጋለች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ታልፋለች።