ሙቁ ጥግ ላይ የተኛው ወንበር

ማንሺክ በዴጉ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ወንበር ሲያለብስ የኖረ ታፒሴሪ ነው። ቆዳ ማልበሱን ማንም ይለምደዋል፤ ጣጣው መፍታቱ ላይ ነው። የድሮ ፕላስቲክ በብርድ ወራት እንደ ደረቀ ቂጣ ነው፣ ነካ ሲያደርጉት ፍርክስ ይላል።

በዚያ የውርጭ ሰሞን ባልቴቷ ኦክራን የሟች ባላቸውን ታክሲ የሾፌር ወንበር አምጥተው ቆዳው እንዲቀየር ለመኑት። የልጅ ልጃቸው በዚያ መኪና ልትሞሸር ነው። ቆዳው እንዲወጣ ግን መጀመሪያ የጎኑ ሽፋን መውለቅ አለበት። የሌላኛውን ወንበር ሽፋን አንድ ጋራዥ ሰብሮባቸዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

"ይሄን ብቻ እንዳትሰብርብኝ ወንድሜ" አሉት። "ባለቤቴ የትራፊክ መብራት ሲይዘው እጁን የሚያሳርፈው እዚህ ላይ ነበር።" እውነትም ፕላስቲኩ በመዳፍ ልክ ጎድጉዷል።

ፕላስቲኩ ሞቆ እስኪለሰልስ ማንሺክ ካቻቢቴውን አላነሳም። ወንበሩን ተሸክሞ ቤቱ ገባና በምድጃ እሳት ከሥሩ ከሚሞቀው ወለል ሁሉ ይበልጥ በሚሞቀው ጥግ፣ ለምድጃው በሚቀርበው በሚስቱ መኝታ ላይ አስተኛው።

"እናትህን ያስተኛንበትን ቦታ ለወንበር?" አለች ሚስቱ ቾምሬ።

"ለዛሬ ብቻ ነው።"

"ያለፈውም ለዛሬ ብቻ ተብሎ ሳምንት ከረመ። በል ሾርባም አጠጣው።" እያጉረመረመች የራሷን ብርድ ልብስ አለበሰችው፣ ጫፉንም ከሥሩ አጠፈችለት። ከዚያ ለራሷ በሩ አጠገብ አነጠፈች። ማንሺክ በሆዱ አመሰገናት። ስንቱ ወንበር በእሷ ቦታ ተኝቷል፤ አንድም ቀን አውጣልኝ ብላው አታውቅም።

ጠዋት ኦክራን ጭንቀቱ አላስቀምጥ ብሏቸው መጡ። ወንበሩን ብርድ ልብስ ለብሶ ሲያዩት በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ተሳፋሪ ካልጫነ ማሞቂያ አያበራም ነበር" አሉ። "ጀርባውን እንደበረደው ነው የሞተው።"

ማንሺክ ብሎኖቹን ፈታ፤ እጀታውን ነቀለ። በጨርቅ የተጠቀለለ የቀርከሃ ስንጥር አሾልኮ የሽፋኑን ጥርሶች አንድ በአንድ አላቀቀ። የመጨረሻውን ቀስ ብሎ ገፋው። ለቀቀ። ሽፋኑ ሳይሰነጠቅ መዳፉ ላይ ወደቀ፤ ለኦክራን ሰጣቸው።

እጃቸውን ጎድጓዳው ላይ አሳረፉ። "ሞቋል" አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እሱ አልነበረም። በሩ አጠገብ የተነጠፈውን መኝታ አይተውታል። ቾምሬ ፊት ተንበርክከው ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ እጅ ነሱ።

"ኧረ እትዬ፣ ይነሱ" አለች ቾምሬ እያነሳቻቸው። "ወደ ጥጉ ይጠጉ፤ እዚህ ጋ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እኔ አውቀዋለሁ።"