ለዳገት የተገዛ ስኪ

በበረዶ ተራሮች ሥር ባለችው ቫልስኩራ መንደር ውስጥ አምፔሊዮን የማያውቅ የለም። ክረምት ሲገባ የማዘጋጃ ቤቱን በረዶ ጠራጊ መኪና የሚነዳው እሱ ነው፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ናዳ ያበላሸውን መንገድ ይደለድላል። ሚስት አላገባም። ለምን ብለው ሲጠይቁት «በረዶ መቼ እንደሚጥል አይታወቅማ» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን በዚህ ነገር ስቆ አያውቅም።

ከሥራው ወዲያ የኔ የሚለው አንድ ነገር ቢኖር የተራራ ነፍስ አድን ቡድኑ ነበር። በወጣትነቱ ገብቶ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ ቀይ ጃኬቱን ለብሶ ስንቱን ከገደል አፍ መልሷል፤ የስንቱንም ሬሳ አውርዷል። ያ ጃኬት ለሌላው የሥራ ልብስ ይሆናል። ለአምፔሊዮ ግን ሚስትም ልጅም እሱ ነበር። ቀብር ላይ ከፊት የሚያስቆመው፣ ቡና ቤት ሲገባ ወንበር የሚያስለቅቅለት፣ ወጣቱ ሁሉ «ባርባ» ብሎ እንዲጠራው ያደረገው ጃኬቱ ነው። ባርባ በዚያ ሸለቆ አጎት ማለት ነው፤ የወንድም ልጅ ለሌለው ሰው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

እርጅና ብቻውን አይመጣም። መጀመሪያ ጉልበቱን ያዘው፣ ቀጥሎ ትንፋሹን ተሻማው። ቡድኑ በየዓመቱ መጋቢት ላይ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጣውላ፣ ስኪውን፣ እግሩ ላይ አጥልቆ፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትተው ከሥሩ ፀጉራም ቆዳ ለጥፎ፣ በሁለቱ ተራሮች መካከል ወዳለው በር ይወጣል። አለቃው ቱሊዮ ቀድሞ ወጥቶ ሰዓት ይዞ ይቆማል፤ ከተባለው ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ጃኬቱን አውልቆ እዚያው ያስረክባል። ዘመድ ወዳጅ የለም። አምና አምፔሊዮ እየተንፏቀቀ ሲደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ቱሊዮ ሰዓቱን ኪሱ ከተተና ወደ ሌላ አየ። ሌሎቹም ያላዩ መሰሉ። እንዲህ ያለው ምሕረት ከስድብ ይብሳል። አምፔሊዮ ነገሩን ባሰበ ቁጥር ፊቱ ይግል ነበር፤ ዘንድሮ ማንም ወደ ሌላ እንዳያይለት ማለ።

አሮጌው ስኪው ረጅም፣ ሰፊ፣ ውስጡ ብረት የገባበት ነበር። ዳገት ላይ ሲጎትቱት ነፍስ ያወጣል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ምን ዓይነት በረዶ ቢመጣ ከእግር ሥር ንቅንቅ አይልም። አምፔሊዮ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ደፈደፈና አዲስ ሊገዛ ኒቬስ ሱቅ ሄደ። ኒቬስ ሱቁን ከአባቷ የወረሰች፣ ምላሷም እጇም የተባ ሴት ናት። ሦስት ዓይነት አውጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችለት።

«ባርባ፣ መጀመሪያ ንገረኝ» አለችው። «የምትገዛው ለመውጣት ነው ለመውረድ?»

«ሳይወጣ የወረደ ማን አለ?»

«ወጥቶ ሳይወርድ የቀረ ግን አለ።»

አምፔሊዮ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ቀጭኑን አንሥቶ በአንድ እጁ መዘነው፤ ሸምበቆ ያነሣ ያህል እንኳ አልተሰማውም። ከንፈሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። ኒቬስ ያን ፈገግታ አይታ ተናደደች።

«እሱ የሯጮች ነው» አለችው። «ጠንካራ በረዶ ላይ ጠርዙ አይነክስም አልልህም፤ ይነክሳል። ግን ቀላል ሰው ብቻውን ሲሄድ ነው። ሸክም ሲጨመርበት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ጠርዙ ይለቃል። የኛን በረዶ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። ፀሐይ የነካው ላልቶ፣ ጥላ የዋለው መስታወት ሆኖ፣ መሐል ላይ ቅርፊት ለብሶ የሚጠብቅ በረዶ ነው። መካከለኛውን ውሰድ። እግርህ ሥር ዝም ይልልሃል።»

«ከቀጭኑ ምን ያህል ይከብዳል?»

«አንድ ጠርሙስ ወይን ቢሆን ነው።»

«ወይን ሆዴ ውስጥ እንጂ እግሬ ላይ አልፈልግም።»

ኒቬስ ሳትፈልግ ሳቀች። ቀጥላ ግን ስኪውን ከእጁ ወሰደችበት። «የቃሬዛ ጭራ የምትይዝበት ከሆነ አልሸጥልህም፤ ቁርጡን ልንገርህ።»

ጭራ የሚሉት ይኼ ነው። የተጎዳ ሰው ከተራራ የሚወርደው ከሥሩ ሸርተቴ ባለው ቃሬዛ ታስሮ ነው። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ይመራል፤ አንዱ ደግሞ ከኋላ ገመዱን ይዞ፣ በስኪው ጠርዝ እየቧጠጠ ቃሬዛው ቁልቁል እንዳይከንፍ ያግደዋል። በቫልስኩራ ደንብ ከተጎጂው ዘንድ ቀድሞ የደረሰ ሰው ጭራውን ይይዛል። ሰውየው በሥቃዩ ውስጥ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ እስከ ታች ድረስ ከራስጌው እንዳይለየው ብለው አባቶቻቸው ያወጡት ደንብ ነው። መልካም ደንብ ነበር፤ ክብርም ነበረው። አምፔሊዮ ግን ከሁሉ ኋላ መድረስ ከጀመረ ወዲህ ጭራው ርቆት ቆይቷል።

«ጭራውንማ ወጣቶቹ ናቸው የሚይዙት» አላት፤ ውሸቱን አልነበረም። «እኔ ለነሱ ብርድ ልብስ ተሸካሚ ነኝ።»

«ምከረው ምከረው…» አለችና ቀሪውን ተወችው። ቀጭኑን ጠቅልላ ሰጠችው።

የፈተናው ዕለት አምፔሊዮ በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው ሰው ነበር። ከኋላው! ዞሮ ወደ ታች አየ፤ ሁለት ጎረምሶች ላባቸውን እየጠረጉ ይከተሉታል። ቱሊዮ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ አሳየውና «ባርባ፣ ምን ቅጠል በጥሰህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ጮኸበት። ሁሉም አጨበጨቡ። አምፔሊዮ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈና እንባው ከብርዱ እንደመጣ አስመሰለ። ከወጣትነቱ ወዲህ እንደዚያ ቀን የተደሰተበት ቀን አልነበረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ!

በሳምንቱ የኤርሲሊያ ልጅ ሎሪስ ብቻውን ወጥቶ ከበሩ በላይ ካለው ሸንተረር ወደቀ። ኤርሲሊያ የአምፔሊዮ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንን አንድ ልጅ ይዛ ነው የኖረችው። ሎሪስ በስልክ ጭኑ እንደተሰበረ ተናግሮ ነበር። ተራራው ጭጋግ ለብሶ ስለነበር ሄሊኮፕተር መነሣት አልቻለም። ቡድኑ በስኪው ተነሣ።

አምፔሊዮ ማንንም አልጠበቀም። ጎረቤቱ ነው፤ በዚያ ላይ እግሩ ሥር ያለው ስኪ አየር ነው። ከጭጋጉ ውስጥ ብቻውን ወጥቶ ሲደርስ ሎሪስ ድንጋይ ተደግፎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ተቀምጧል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ባርባ? አንተን ነው የላኩልኝ? በቃ፣ ተስፋ ቆርጠውብኛል ማለት ነው።»

አምፔሊዮ ሳቀ። ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው፤ ጭኑን አሰረለት። ልጁ ጥርሱን ነክሶ «እናቴ ትገድለኛለች፤ አትሂድ ብላኝ ነበር» አለ።

«እኔ አማልድሃለሁ።»

«አንተን ከኔ የባሰ ነው የምትቆጣህ፤ በረዶውን በሷ በር ላይ ከምረህባት።»

እንዲህ እየተቀላለዱ ቆዩ። የልጁ ነፍስ በሳቅ እንደምትሞቅ አምፔሊዮ ያውቅ ነበር፤ በዚህ ሥራ ያረጀው በከንቱ አይደለም። ቱሊዮና ሌሎቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲደርሱ ሎሪስ ፊቱ ቀላ ብሎ ነበር። በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኝተው አሰሩት፤ ጃኬቱም ለአምፔሊዮ ተመለሰለት። ቱሊዮ ገመዱን ሲፈታ ዓይኑ የአምፔሊዮ ስኪ ላይ አረፈ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባርባ፣ ጭራውን ለኔ ተውልኝ። አንተ ከፊት ሁን።»

«ቀድሞ የደረሰ ማነው?»

«አንተ ነህ፤ እሱማ…»

«እንግዲያውስ።»

ሎሪስም ከተኛበት «እሱ ይያዘኝ» አለ። ቱሊዮ የሸመገለ ሰው በጎረምሶች ፊት ማሳፈር አልወደደም። ደንቡም ደንብ ነው። ገመዱን ሰጠው። የኒቬስ ቃል በዚያች ቅጽበት ለአምፔሊዮ ትዝ ብሎት ነበር፤ ትዝ አላለኝም ማለት አይችልም። ትዝ ሲለው ግን ገመዱ እጁ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ካጣው ስንት ጊዜው! እንደገና እንዴት ብሎ ይመልሰው?

የላይኛው ክፍል ጭጋጉ ሳይወርድ ጠዋት ፀሐይ ያላላው ስለነበር ስኪው ሰምጦ ያዘ። አምፔሊዮ ከሎሪስ ራስጌ ሆኖ «ደረስን፣ ደረስን» ይለዋል፤ ሎሪስም «የት?» እያለ ያሾፍበታል። ከዚያ ፀሐይ ወደማይደርስበት የጥላ በኩል ገቡ። በረዶው እዚያ ድምፁ ይለያል፤ ሲቧጥጡት ይጮኻል። አምፔሊዮ ጠርዙን አስገባ፤ ያዘ። ቃሬዛው ሲከብድበት ቀጭኑ ስኪ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥርስ ሲንገጫገጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበረው፤ ከእግሩ ተነሥቶ እስከ መንጋጋው ዘለቀ። «ቱሊዮ፣ ቁም!» ብሎ መጮህ ነበረበት። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ታግሶ ሊያልፈው ፈለገ። ጠርዙ ለቀቀ።

በጎኑ ወደቀ። ገመዱ ጓንቱን በልቶ መዳፉን ላጠው፤ ከዚያ ከእጁ አምልጦ ሄደ። ቱሊዮ ከፊት ሊያግድ ቢሞክር ቃሬዛው መትቶ ወደ ጎን ወረወረውና ትከሻው ተሰበረ። ሎሪስ «ባርባ!» ሲል ተሰማ። ቀጥሎ ጭጋጉ ውስጥ፣ ከታች ከድንጋዮቹ በኩል፣ የተሰማውን ድምፅ ማንም በኋላ አንሥቶ አያውቅም።

ቡድኑ በአንድ ቃል ተናገረ። በረዶው መስታወት ነበር፤ ማንም ቢይዘው ያመልጠው ነበር። ቱሊዮ ክንዱን በነጭ ጨርቅ አንጠልጥሎ ለጠየቀው ሁሉ ይህንኑ ይደግም ነበር። የሎሪስን ሬሳ ሣጥን የተሸከሙት ቀይ ጃኬት የለበሱት ናቸው፤ አምፔሊዮም በፋሻ በተጠቀለለ መዳፉ ከፊት ተሸከመ። ሕዝቡ እሱን እያየ አለቀሰ። ኒቬስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥግ ቆማ ነበር፤ ሰላም ሳትለው ሄደች። ከዚያ በኋላ አምፔሊዮ እህል ሲያኝክ አሸዋ ይሆንበት ጀመር። ያንን ጃኬት አሁን ማንም አይወስድበትም፤ እሱም የሚለብስበት ገላ አጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኤርሲሊያ በሩን አንኳኳች። ጥቁር ለብሳ፣ የበቆሎ ገንፎና አይብ በሳህን ሸፍና ይዛለች። ከከሳ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብላ ሳይሆን አይቀርም፤ ይበልጥ የከሳችው ግን እሷ ናት። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ስለ ልጄ አጫውተኝ» አለችው። «ሌሎቹ ሲያዩኝ መንገድ ያቋርጣሉ። ምን አለህ? ስትደርስ ምን አለህ?»

አጫወታት። ተስፋ ቆርጠውብኛል ማለቱን፣ እናቴ ትገድለኛለች ማለቱን፣ በሯ ላይ የተከመረውን በረዶ ማንሣቱን። ኤርሲሊያ አፏን በመሐረብ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ተመልሶም ሳቅ ሆነ።

«አሾፈብህ አይደል? እኔን ገደለኝ፣ አሾፈብህ!» ዓይኗን ጠረገች። «ይኸውልህ አምፔሊዮ፣ ብቻውን አልሞተም። ከሁሉ ቀድመህ የደረስክለት አንተ ነህ፤ ካንተ የተሻለ እጅ በዚህ አገር የለም። በረዶው እንቢ አለ እንጂ። ሌሊት ዓይኔን የምከድነው እሱን እያልኩ ነው።»

አምፔሊዮ ሳህኑን ከፊቱ ገፋ አደረገ። ምስጋናው እንደ ፍም ተቀመጠበት። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በፊት ዝም ብሎ ነበር የሰነበተው። አልቻለም። «በረዶው አይደለም» አለ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ስኪው ለዳገት ብቻ እንደሚሆን ኒቬስ እንደነገረችው፣ እሱም ጃኬቱን እንዳይነጠቅ ብሎ እንደገዛው፣ ቱሊዮ ገመዱን ተውልኝ ብሎ እንደለመነው፣ እሱ ለክብሩ ሲል እንቢ እንዳለ። ስኪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁም ብሎ አለመጮሁንም ነገራት። አንዱንም አላስቀረም። ሲጨርስ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እስከ ሆዱ ወረደለት።

ኤርሲሊያ መሐረቡን አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«ጠየቅኩህ?» አለችው።

«አልጠየቅሽኝም።»

«በረዶው ነው አሉኝ፤ እሺ አልኩ። አንተ እጅ ላይ ነበር አሉኝ፤ እሱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሌላ ምን አለኝ?» ተነሥታ በሩ ድረስ ሄደች፤ መዝጊያውን ይዛ ዞረች። አልጮኸችም።

«አንተስ ተነፈስክ። እኔ ምን ይዤ ልደር?»